ሰው የለመደ ቡችላ

ማቴዎስና ውሻ ድሮም አይዋደዱም። ብስክሌት ጠጋኝ ነውና፣ የጠገነውን ብስክሌት ሊሞክር ብቅ ባለ ቁጥር የሐዋሳ ውሻ ሁሉ ባቱን ሲመኝ ኖሯል። እና ይኸው ሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱን ታቢታን አስከትሎ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ እሷ እሱን አስከትላ፣ ቡችላ ሊገዛ ወደ ታቦር ተራራ ሥር ሲያዘግም ያየ ጎረቤት ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ነገሩ የቅንጦት አልነበረም። የእነ ማቴዎስ ጸሎት ቤት ከታሸገ ሰንብቷል። ቀበሌው አግዳሚ ወንበሮቹን ለስብሰባ አዳራሹ ወስዶ ቤቱን የስኳርና የሳሙና መጋዘን አድርጎታል። ምእመናኑም ልክ እንደ ስኳሩ በራሽን ተከፋፈሉና፣ በየሰው ቤት አራትም አምስትም እየሆኑ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሹክሹክታ ይጸልዩ ጀመር። በሹክሹክታ ይዘምሩም ነበር። በሹክሹክታ መዘመርን ያልሞከረ ሰው አያውቀውም፤ ማቴዎስ በሙያው ሲገልጸው፣ ቀዳዳው ያልተገኘ ጎማ ቀስ እያለ ሲተነፍስ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

የእነሱ ቡድን አራት ሰው ነበር፤ ባልና ሚስቱ፣ አሞራ ገደል አሳ የሚያጠምደው ኩማ፣ እና ሁሉንም በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ዘነበች። መጀመሪያ በእማማ ዘነበች ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ ተጠቆመባቸውና ተዉት። ቀጥሎ ወደ ኩማ ቤት ዞሩ፤ እዚያ ተያዙና ኩማ የቤቱ ባለቤት ነህ ተብሎ ክረምቱን በሙሉ ቀበሌ ታስሮ ከረመ። ሲፈታም፣ ዳግም ከተያዙ ነገሩ በቀበሌ ደረጃ እንደማያልቅ ተነግሮት ነው የወጣው። አሁን የቀረው የማቴዎስ ቤት ብቻ ነው። እሱም ከተዘጋ ሌላ መሄጃ የላቸውም፣ ቀጣዩ እስረኛም ማቴዎስ ራሱ ነው። ማቴዎስ ደግሞ ጀግና አይደለም፤ ይህን እሱም አይክድም።

ባለፈው እሁድ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ጓድ ባዬ ለስብሰባ ሊጠራቸው መጥቶ፣ እጁ በሩን እስኪነካ ድረስ ማንም አልሰማውም። እማማ ዘነበች መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡበት። ባዬ ውሃ ጠጣ፣ ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ስለ ልማት ዘመቻው አወራ። ሊሄድ ሲል አሮጊቷ ብድግ አለማለታቸው ከነከነውና “እማማ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?” አላቸው።

“ጉልበቴን ይዞኝ ነው፣ ልጄ” አሉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባዬ ባገኛቸው ቁጥር ስለ ጉልበታቸው ስለሚጠይቅ፣ እማማ ዘነበች መንገድ ላይ ማነከስ ግዴታቸው ሆነ።

“ውሻ ያስፈልገናል” አለች ታቢታ ያን ዕለት። ታቢታ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ከተናገረች ግን ይሆናል። “ባዬ ከማዕዘኑ ሲታጠፍ የሚጮኽ፣ እነ ኩማ ሲመጡ ዝም የሚል። ሰውን ከሰው የሚለይ።”

ችግሩ፣ በሰፈሩ ውሻ የሚባል ጠፍቷል። ማዘጋጃ ቤቱ በዚያው ሰሞን መርዝ በትኖ ጠራርጎ ጨርሷቸዋል። የተረፉት የአቶ ገብረየስ ውሾች ብቻ ነበሩ፤ የተረፉበትም ምክንያት መርዙን የሚበትኑት ሰዎች እያንዳንዳቸውን በስም እየጠሩ ከመንገድ ስለሰበሰቧቸው ነው። ማቴዎስ ይህን ነገር ቆም ብሎ ቢያስብበት ኖሮ ብዙ መከራ ይቀርለት ነበር። ግን የፈራ ሰው መቼ ቆም ብሎ ያስባል?

አቶ ገብረየስ በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ የፖሊስ ውሾች አሠልጣኝ ነበሩ። በሥልጠና ላይ ከጆሯቸው ሥር በተተኮሰ ጥይት ግራ ጆሯቸው ጨርሶ ደነቆረ፤ ቀኙም ካልጮኹበት አይሰማም። ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ሐዋሳ ገቡ፤ ከዚያ ባለቤታቸው አረፉና ብቻቸውን ቀሩ። ያለቻቸው ማን አለኝ የምትባል ቡናማ ሴት ውሻ ናት። ማን አለኝ በወለደች ቁጥር ቡችሎቹን አሳድገው ለሚገባው ሰው ይሸጣሉ። የሚገባውን ሰው የሚለዩት ደግሞ በጥያቄ ነው።

“ቤትህ ስንት ሰው አለ?” አሉ፣ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጠውት። እሳቸው ሲናገሩ አዋጅ የሚያነቡ ነው የሚመስለው።

“ሁለት ነን።”

“አልሰማሁም!”

“ሁለት!”

“እንግዳስ? ሰው ይመጣባችኋል?”

ማቴዎስ ወደ አጥሩ አየ። ከአጥሩ ማዶ ሁለት ሴቶች ልብስ ያሰጡ ነበር፤ አሁን ማስጣቱን ትተውታል።

“አይመጣም!” ብሎ ጮኸ።

“ማንም?”

“ማንም!”

“እንግዲያው ቡችላ የለም። ሰው ለማይመጣበት ቤት አልሰጥም። ቡችላ ሰው ማየት አለበት።”

“ይመጣል!” አለች ታቢታ።

“ማን?”

“ሰው!”

“መጥተው ምን ያደርጋሉ? ይጠጣሉ? ይዘፍናሉ? ይጣላሉ? አትደብቁኝ፣ ቡችላውን የምመርጠው በዚያ ልክ ነው!”

ኩማን ክረምቱን በሙሉ የመረመሩት ሰዎች እንኳ እንዲህ መፈናፈኛ የሚያሳጣ ጥያቄ አልጠየቁትም። ማቴዎስ ላቡን ጠረገ።

“ይጫወታሉ!”

“ካርታ?”

“ወሬ!”

“ጮክ ብለው ነው ወይስ ቀስ ብለው?”

ይህች ጥያቄ ናት የማቴዎስን ቤት ያፈረሰችው። በአጥሩ ማዶ አራት ጆሮ ቆሟል። “ቀስ ብለው” የሚል ሰው ምን እንደሚደብቅ ሁሉም ያውቃል። ማቴዎስ ከበርጩማው ተነሣና ባለ በሌለ ኃይሉ “ጮክ ብለው! በጣም ጮክ ብለው! በሰፈሩ የእኛን ያህል የሚጮኽ የለም!” አለ። ታቢታ ዘወር ብላ አየችው።

“ጎሽ!” አሉ አቶ ገብረየስ፣ ፊታቸው በርቶ። “ለጩኸት ቤት የሚሆን አለኝ።”

ከዚያ አስተዳደጉን ያብራሩ ጀመር። ቡችላ በጨቅላነቱ ያላየውን ነገር ዕድሜ ልኩን ሲፈራው ይኖራል። ውሻ የሚናከሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ያሳዩአቸዋል። በትልቅ ቅርጫት አድርገው፣ ጋሪ ተሳፍረው ከተማውን ያዞሯቸዋል። አውቶቡስ ተራ ወስደዋቸዋል። ወፍጮ ቤት ወስደዋቸዋል። ለገብርኤል ንግሥ ከበሮ አሰምተዋቸዋል። አሞራ ገደል ወስደው፣ ቁመቱ ሰው ከሚያህለው፣ አባ ኮዳ ከሚባለው አሞራ ጋር ፊት ለፊት አፋጥጠዋቸዋል። በየቀበሌው ስብሰባ ድምፅ ማጉያው ሥር አስቀምጠዋቸዋል።

“መነኩሴ አይተዋል፣ ካድሬ አይተዋል፣ ጃንጥላ ሲዘረጋ አይተዋል!” አሉ አቶ ገብረየስ በኩራት። “የኔ ቡችላ ያላየውና ያልሰማው ነገር የለም!”

ማቴዎስ ጨነቀው። የመጣበትን ጉዳይ እንደምንም በዘዴ ሊያነሣ ፈለገ፤ ግን ዘዴ በጩኸት አይሆንም። “ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያይስ ይጮኻል?” አለ።

“ዩኒፎርም” የሚለው ቃል አጥሩን ሲሻገር ታየው።

“የኔ ቡችላ?” አቶ ገብረየስ ተቀየሙ። “ጥበቃዎቹ እኮ ናቸው በእጃቸው ዳቦ እያጎረሱ ያሳደጉልኝ! የእነዚህን ወንድም ጓድ ባዬ ትናንት ለቀበሌው ወስዶታል! ለምንድን ነው የሚጮኽባቸው? አንተ እንዲጮኽባቸው ትፈልጋለህ?”

አሁን መመለሻ የለም። ዩኒፎርም አይቶ የማይጮኽ ውሻ አልፈልግም ብሎ ከዚያ ግቢ የወጣ ሰው፣ በዚያው ወደ ቀበሌ ሄዶ ራሱን ቢያስረክብ ይሻለዋል።

“እሰይ!” ብሎ ጮኸ ማቴዎስ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። “እኛም የፈለግነው እንዲህ ያለውን ነው!”

ታቢታ በበኩሏ ጉዳዩን ረስታዋለች። አንድ ቡናማ ቡችላ መጥቶ ጫማዋ ላይ ተኝቷል። አቶ ገብረየስ የእናቱ ጠረን ያለበት ጨርቅ አብረው ሰጧት፣ እንዳትመታው፣ በእጇ እንድታበላው፣ በየቀኑ አዲስ ሰው እንድታሳየው አስጠነቀቋት። በመጨረሻም ማቴዎስን ትከሻውን ይዘው፣ “እየመጣሁ አየዋለሁ። መቼ እንደምመጣ ግን አልነግርህም!” አሉት።

ማቴዎስ ይህን ዓረፍተ ነገር ከቀበሌ ሰዎች አፍ ሰምቶት ያውቃል።

ስም ማውጣቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። አንበሳ ቢሉት የንጉሡን ዘመን ናፋቂ ያስብላል። ቀዮ እንዳይሉት፣ ቀይ የሚባል ነገር ውሻ ላይ መለጠፍ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም። ደፋር ቢሉት ማቴዎስ ራሱ አፈረ። በመጨረሻ ቡቺ አሉት፤ ቡቺን ማንም በምንም ሊጠረጥረው አይችልም።

ቡቺ እውነትም እንደተባለው ነበር። የሚያልፍ የሚያገድመውን ይወዳል። ባሩድ የሸተተው እንደሆነማ ይብስበታል። ባዬን ከሩቅ ሲያይ እንደ እንዝርት ይሾራል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ በደስታ ሲንጫጫ አሻንጉሊት የተረገጠ ይመስላል። ባዬም ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሆዱን ያክለታል። ማቴዎስ ይህን በመስኮት ሲያይ ቡና የሚሉት ነገር አልወርድ አለው።

ጉድ የፈላው ግን እሁድ ነው። ሁሉም ተሰበሰቡ፤ ቡቺ የእያንዳንዱን እግር ልሶ ጥግ ያዘ። እማማ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው በሹክሹክታ “አባታችን ሆይ” ማለት ሲጀምሩ፣ ቡቺ ከተኛበት ተፈናጠረ። የጀርባው ጠጉር ቆመ። ጥርሱን አሳየ። ከዚያ ያች ጭብጥ የማታህል ሰውነት ያን ሁሉ ድምፅ የት ደብቃው እንደነበር እንጃ፣ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው።

ደንግጠው ዝም አሉ። ቡቺም ዝም አለ፤ ጅራቱንም ቆላ። እማማ ዘነበች እንደገና ጀመሩ። ቡቺም እንደገና ጀመረ። ውጭ አወጡት፤ መስኮቱን እየቧጠጠ ጮኸ። ታቢታ አቀፈችው፤ እቅፏ ውስጥ ሆኖ ጮኸ። “እስቲ እኔ ልሞክር” አለ ኩማ። ኩማ ሐይቅ ላይ ከጀልባ ጀልባ ሲጣራ ያደገ ሰው ስለሆነ የእሱ ሹክሹክታ የሌላው ሰው ንግግር ነው። እሱ ሲጸልይ ቡቺ በሰላም ተኛ።

ያኔ ገባቸው። አባ ኮዳን ያልፈራ፣ ድምፅ ማጉያን ያልፈራ፣ ጠመንጃን እንደ ዘመድ የሚስም ቡችላ በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ይፈራል።

“ተገላብጦ ነው የተሠራው” አለ ኩማ። “ለጥበቃ ይስቃል፣ ለጸሎት ይጮኻል። መልሱት በቃ።”

መመለስማ በምን አፍ? አቶ ገብረየስ ምክንያቱን ይጠይቃሉ። ማቴዎስም ታቦር ተራራ ጫፍ ድረስ በሚሰማ ድምፅ “ስናንሾካሹክ ይጮኽብናል!” ብሎ ሊመልስላቸው ነው። ስለዚህ ታቢታ ወሰነች፤ ቡችላው ሁሉን እንደለመደ ይህንንም ይለምዳል። ኩማ ከሚያመጣው ቆሮሶ አሳ ቁራጭ እየጣሉለት ቀን ከሌት ይንሾካሾኩለት ጀመር። “ጨው አቀብይኝ” በሹክሹክታ። “ዛሬ ስንት ጎማ ጠገንክ?” በሹክሹክታ። ቡቺ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ አሳውን ይበላል፣ ከዚያ ለአሳው ሲል ይጮኽ ጀመር።

በዚህ መሀል ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት አባይነሽ እንቅልፍ አጣች። እሷና ባሏ ሲጨቃጨቁ ነው የሚያነጉት፣ ኑሯቸውም ደህና ነው። ከእነ ማቴዎስ ግድግዳ ግን የሰው ድምፅ ጠፍቷል፤ የሚሰማው ውሻ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ ተኳርፈዋል ማለት ነው። ታቢታን ስለምትወዳት ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም። ስለዚህ ሽምግልና ከሚወድ ሰው ዘንድ ሄደች። በቀበሌው ሽምግልና እንደ ጓድ ባዬ የሚወድ ሰው አልነበረም።

የሚቀጥለው እሁድ አራቱም ተቀምጠው፣ የሚጸልየው ለደኅንነት ሲባል ኩማ ነበር። ቡቺ ድንገት ተነሣ፣ ተንጫጫ፣ በሩን በአፍንጫው ገፍቶ ወጣ። አልጮኸም፤ ስለዚህ ማንም አልተጨነቀም። በዚያ ቤት አደጋ መምጣቱን የሚናገረው የቡቺ ጩኸት ሳይሆን ደስታው መሆኑን ገና አልተረዱትም ነበር። ተመልሶ ሲገባ በጓድ ባዬ እቅፍ ውስጥ ሆኖ አገጩን እየላሰ ነበር። ከኋላ አባይነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች።

እማማ ዘነበች እንደለመዱት መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ተቀመጡ።

ባዬ አንድ በአንድ አያቸው። ኩማን ረዘም አድርጎ አየ። ማቴዎስ የሱቁን ቁልፍ ለማን እንደሚተው ማሰብ ጀምሯል። ከዚያ የባዬ ፊት በፈገግታ ተሞላ።

“አሃ! ሽማግሌዎቹ ቀድመውን መጥተዋላ!” አለ። “እሰይ፣ እንዲህ ነው ጎረቤት! ጉልበትዎ እንዴት ነው እማማ?”

“እንዳለ ነው፣ ልጄ።”

“በሉ እንግዲህ እንጀምር። ጓድ ማቴዎስ፣ ቅሬታህን ተናገር።”

ማቴዎስ ምንም ቅሬታ አልነበረውም። ታቢታ ግን ባሏን ሽቅብ ቁልቁል አየችውና ጉሮሮዋን ጠረገች።

“እኔ አለኝ” አለች። “ሲበዛ ፈሪ ነው። ኮሽ ባለ ቁጥር ይደነግጣል። ብስክሌቱን የሚደባብሰውን ያህል እኔን አይደባብሰኝም። በልቡ ያለውን አንድ ቀን በሰው ድምፅ ነግሮኝ አያውቅም። ካገባኝ ጀምሮ ሁሉ ነገር በጥቅሻ ነው፣ ሁሉ ነገር በዝምታ ነው። አንዳንዴ ከማን ጋር እንደምኖር ግራ ይገባኛል።”

ለማስመሰል የጀመረችው ነገር በመሀል እውነት ሆኖ ድምፅዋ ተሰበረ። ማቴዎስ ባዬን ረሳው። ሚስቱን አየና ልቡ ተነካ፤ እንዲህ እንደሚሰማት አያውቅም ነበር።

“እወድሻለሁ እኮ” አለ ጮክ ብሎ። ከቤቱ ውስጥ በዚያ ልክ ተናግሮ አያውቅም። “በጣም ነው የምወድሽ። ፈሪም ነኝ፣ እውነትሽን ነው።”

አባይነሽ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ባዬም አፍንጫውን እንደማሸት አደረገ። በዚህ መሀል አንድ ከዘራ በሩን ገፋና አቶ ገብረየስ ሳይነግሩ ገቡ፤ እንደዛቱት ማለት ነው። ቡችላቸውን ሊያዩ መጥተው ቤት ሙሉ ሰው ሲያገኙ ደስ አላቸው፤ “ጎሽ፣ ሰው ይመጣባችኋል!” ብለው ጥግ ይዘው ቁጭ አሉ።

“ይመርቁና እንጨርስ፣ እማማ” አለ ባዬ። “ባሉበት ይመርቁ፣ አይነሡ።”

እማማ ዘነበች እጃቸውን ዘርግተው ጮክ ብለው ጀመሩ። ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ዕለቱም እሁድ ነው። ሳያውቁት ድምፃቸው በልማድ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለና ሹክሹክታ ሆነ። የተቀሩትም በልማድ በሹክሹክታ “አሜን” አሉ።

ቡቺ ከባዬ እቅፍ ዘልሎ ወረደና ቤቱን በጩኸት ደበላለቀው።

“ምን ሆነ ይሄ?” አለ ባዬ ደንግጦ።

አቶ ገብረየስ ጩኸቱን አጥርተው ባይሰሙም የቡችላውን ጠጉር አይተዋል። ተነሡ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ የድሮው አሠልጣኝ ነው የሚነሣባቸው። ጃንጥላቸውን ፊቱ ላይ ዘረጉ፤ ቡቺ አዛጋ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ወረወሩ፤ ቡቺ አሸተተው። አባይነሽን ድስት በማንኪያ እንድትመታ አዘዟት፤ ቡቺ ጅራቱን ቆላ። ከዚያ ወደ እማማ ዘነበች ዞረው፣ “ቅድም ያደረጉትን ይድገሙት!” አሏቸው። እማማ ዘነበች በሹክሹክታ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ቡቺ ጮኸ።

“ሹክሹክታ ነው የሚፈራው!” አሉ አቶ ገብረየስ፣ በሽታውን እንዳገኘ ሐኪም። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ። “ማነው ታዲያ እዚህ ቤት የሚያንሾካሹከው? ጮክ ብለን ነው የምንጫወተው ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?”

ባዬ ከማቴዎስ ወደ ኩማ፣ ከኩማ ወደ እማማ ዘነበች ዓይኑን አዘዋወረ፤ አንድ ነገር ቀስ እያለ በአእምሮው እየተገጣጠመለት ይመስላል። አቶ ገብረየስም ዙሪያውን ቃኙ። የማይሰማ ሰው ማየት ይችልበታል። የማቴዎስን ላብ አዩ፣ የታቢታን ጭብጥ ያለ እጅ አዩ፣ ከእማማ ዘነበች ነጠላ ሥር ብቅ ያለች የጥቁር መጽሐፍ ጠርዝ አዩ። ዓይናቸው እዚያች ጠርዝ ላይ ቆየ።

“ጥፋቱ የኔ ነው!” አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ልማዳቸው እየጮኹ። “ሁሉን አሳይቻቸዋለሁ ብዬ ስኩራራ ሹክሹክታ አላሰማኋቸውም። ከየት አምጥቼ? ለደንቆሮ ማን ያንሾካሹካል? አገር ምድሩ ይጮኽብኛል። አንዲት ሴት ነበረች በቀኝ ጆሮዬ ተጠግታ በቀስታ የምታወራኝ። ቃሉን ሁሉ አልሰማውም፣ ትንፋሿን ግን እሰማው ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ በቤቴ ሹክሹክታ የለም። እነዚህ ቡችሎች የተወለዱት ከእሷ በኋላ ነው።”

ከዚያ ባዬ ጭኑን በጥፊ መታ።

“በለው!” አለ። “የእኛም ውሻ እንደዚሁ ነው! በየስብሰባው ሊቀመንበሩ ወደ ካድሬው ጆሮ ጎንበስ ባለ ቁጥር መድረኩ ላይ ዘሎ ይጮኽበታል። ሕዝቡም ሳቁን መያዝ አቅቶታል። ሊቀመንበሩ ይህን ውሻ ማን ነው ያስተማረው ብሎ ጥርሱን ነክሶብኛል፤ ወይ ውሻው ወይ አንተ ብሎኛል! መድኃኒት የለውም?”

አቶ ገብረየስ አሁንም ያችን ጠርዝ እያዩ ነበር።

“አለው” አሉ። “ሹክሹክታ በሹክሹክታ ነው የሚለመደው። ባልና ሚስት ብቻ አይበቁም። ደርዘን አይሁኑ እንጂ ሰብሰብ ያሉ፣ ሁልጊዜ ያው ሰዎች መሆን አለባቸው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በር ዘግተው፣ ማንም ሳይረብሻቸው። አለዚያ ቡችላው ይበላሻል።”

ባዬ ብድግ አለ። ስብሰባ ላይ እንደሚያደርገው ቀበቶውን አጠበቀ።

“እንግዲያው በቀበሌው ስም አዝዣለሁ!” አለ። “እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቤት ተሰብስባችሁ ታንሾካሹካላችሁ። የቀበሌውንም ውሻ እልክላችኋለሁ። የሚቀር ሰው እኔ ዘንድ ይጠየቃል። እማማ፣ ጉልበቴን ማለት አይሠራም!”

“ጓድ ባዬ፣ እኔ እንኳ ማንሾካሾክ አይሆንልኝም” አለ ኩማ፣ ሕልም ውስጥ ያለ እየመሰለው።

“ትለማመዳለህ!”

በሚቀጥለው እሁድ ባዬ ሰው እንዳይረብሻቸው ብሎ ባለ ጠመንጃ ጥበቃ በራቸው ላይ አቆመ። ማቴዎስ በር የሚጠብቅለት ፈልጎ ነበር ውሻ የገዛው፤ አሁን መንግሥት ይጠብቅለታል። እማማ ዘነበችም ከስንት ጊዜ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሱን ከሥራቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

አቶ ገብረየስ ቡቺን፣ የቀበሌውን ውሻና እናታቸውን ማን አለኝን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጸሎቱ ሲጀመር ሁለቱ ወንድማማቾች ጮኹ፣ አሳ በሉ፣ ጮኹ፣ አሳ በሉ። ጥበቃው ከበሩ ውጭ ሆኖ “በርቱ፣ በርቱ!” አላቸው። ቀስ በቀስ ጩኸቱ ማጉረምረም ሆነ፣ ማጉረምረሙም ማዛጋት ሆነ፣ በመጨረሻም ሁለቱም ተያይዘው ተኙ። በቤቱ ውስጥ ያ የጎማ ትንፋሽ የሚመስለው መዝሙር ብቻ ቀረ።

ታቢታ ቀና ስትል አቶ ገብረየስን አየቻቸው። እጃቸውን ቀኝ ጆሯቸው ላይ ደግነው፣ ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ከንፈር እያዩ ነበር። ቤት ሙሉ ሹክሹክታ አለ፤ እሳቸው ጋር ግን አንዱም አልደረሰም።

ተነሥታ ሄደች። አጠገባቸው በርከክ ብላ፣ ከንፈሯ ጆሯቸውን እስኪነካ ተጠግታ፣ አንድ ነገር አለቻቸው። ምን እንዳለች ማቴዎስ አልሰማም፣ በኋላም አልጠየቃትም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ማን አለኝ ያን ጊዜ ከተኛችበት ቀና አለች። እሷ አልጮኸችም። ከውሾቹ የሟቿን የአቶ ገብረየስን ሚስት ዘመን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ጅራቷ ወለሉን አንዴ መታ፣ ደግሞ መታ። ከዚያ ተነሥታ የአቶ ገብረየስን ቀኝ ጎን አሸተተች፣ የታቢታን እጅ አሸተተች፣ ወደ በሩም ሄዳ የምትመጣ ሰው እንዳለች ሁሉ ውጭ ውጭውን እያየች ቆመች።

አቶ ገብረየስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ለራሳቸው ሹክሹክታ በመሰላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ግን በሰማው ድምፅ፣ “እስቲ ድገሚልኝ” አሉ።